ፋብሪካ ስለ ራሱ ዕቃ የሚናገረው ቁጥር ይታመናልን?

(በከሚሴ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 የበዓል ንግግር እንደ ልማዱ ትምህርትን በማመስገን የሚጀምር መሆኑን እናውቃለን። እኛ ግን ዛሬ በአንድ ጉድለት እንጀምራለን፤ ይኸውም ለዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ተነሥተው ሳይታተሙ የቀሩት ፎቶግራፎች ነገር ነው።

ክበባችን ይህን መጽሐፍ በሥዕል ለማስጌጥ አስቦ፣ የትምህርት ቤቱን ቀደምት መምህራንና ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄደ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። ለዚሁም ሥራ ገንዘብ አዋጥተን አንድ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ከገበያ ገዛን። በላዩ 128 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበታል። ስልኩ ውስጥ ባስገባነውም ጊዜ ስልኩ ራሱ 128 ብሎ አነበበልን። እኛም ደስ ብሎን ሥራችንን ቀጠልን። ነገር ግን ሥራው አልቆ ሥዕሎቹን ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር በከፈትናቸው ጊዜ፣ ጥቂቶቹ ብቻ ደኅና ሆነው ሲገኙ የቀሩት ስማቸው እንጂ መልካቸው አልነበረም። መምህራችን ካርዱን ቢመረምሩት በእውነት የሚይዘው 8 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከጠፉት ውስጥ አብዛኛዎቹን ተመልሰን አነሣን። የትምህርት ቤቱን በር ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የከፈቱት የቀድሞው ዘበኛችን ግን በዚህ መካከል በሞት ተለይተውን ነበርና፣ የእርሳቸው ሥዕል በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለም። አላህ ይማራቸው።

ካርዱን የሸጠልንን ሰው ለመክሰስ ይህን አላነሣንም፤ ምናልባት እርሱም እንደ እኛ ተታሎ ይሆናል። ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው። ወረቀት የተጻፈበትን ሁሉ ስለሚሸከም በካርዱ ላይ ውሸት ቢጻፍ አይገርምም። ነገር ግን ዕቃው ራሱ «ምን ያህል ትይዛለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ እንዴት ሐሰት ይመልሳል? ምላስ የሌለው ነገር እንዴት ይዋሻል? ይህን ጥያቄ ይዘን ብዙ አነበብን፣ ብዙም ተከራከርን። ዛሬ ከዚያ ያገኘነውን በአጭሩ ለማካፈል ነው የቆምነው።

መልሱ እንዲህ ነው። በካርዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ፍሬ አለች። በፍሬዋም ላይ ሶፍትዌር የሚባል ትእዛዝ ተጽፏል። ስልኩ ሲጠይቅ የምትመልሰው እርሷ ናት። ትእዛዙን የጻፈው ሰው «128 በይ» ብሎ ከጻፈ 128 ትላለች። 8ቱ ሲሞላም የሚመጣውን አዲስ ነገር እየተቀበለች በአሮጌው ላይ ትደርብበታለች፤ ወይም ተቀብያለሁ እያለች ትጥለዋለች። እንግዲህ የዋሸው ዕቃው አይደለም፤ በዕቃው ውስጥ ተቀምጦ የሚናገረው ሰው ነው። ይህንንም ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ የሞሉትን መልሶ ማንበብ።

ይህ ጥበብ ለወላጆቻችን አዲስ አይደለም። እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናቶቻችን ማሽላ ወይም ማሾ ሲገዙ አስቀድመው ጣሳውን ገልብጠው ያያሉ። ቂጡ ወደ ውስጥ የተደቆሰ ጣሳ ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ወደ ጆንያ ሲገለበጥ ግን ይጎድላል። ጣሳውን የሚገለብጥ ሰው ነጋዴውን ሰደበ አይባልም። ታማኝ ነጋዴ ራሱ ገልብጦ ያሳያልና። እኛም የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው እንላለን፤ ቁጥር የሚታመነው ሻጩ ስመ ጥሩ በመሆኑ ሳይሆን፣ ከሽያጩ የማይጠቀም ሌላ ሰው ጣሳውን ገልብጦ ስላየው ነው።

ምናልባት «ይህ የትንሽ ገበያ ነገር ነው፤ ስማቸው በዓለም የታወቀ ታላላቅ ፋብሪካዎች እንዲህ አያደርጉም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን የሆነውን እንመልከት።

ፎልክስዋገን የታወቀ የጀርመን የመኪና ፋብሪካ ነው። በናፍጣ የሚሠሩ መኪናዎቹ ንጹሕ ናቸው እያለ በአሜሪካ ይሸጥ ነበር። የመንግሥት መርማሪዎችም መኪናውን በመመርመሪያ ክፍል ውስጥ በተንከባላይ ብረት ላይ አቁመው ጭሱን ሲለኩት በእርግጥ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ጥቂት ተመራማሪዎች ግን መለኪያውን መኪናው ላይ ጭነው በመንገድ ላይ እየነዱ ለኩት። አንዱን መኪና ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ድረስ ነድተውታል። በዚያን ጊዜ የሁለት ፎልክስዋገን መኪናዎች ጭስ ከሕጉ ልክ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ከአንደኛው የወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ እስከ 35 እጥፍ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ጥናቱ በ2006 ዓ.ም. ታወቀ። ኩባንያው ከአንድ ዓመት በላይ ልዩ ልዩ ምክንያት ሲሰጥ ቆየ። በመጨረሻም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መስከረም 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ምሥጢሩን ይፋ አወጣው።

ምሥጢሩ ይህ ነበር። በመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ የተጻፈው ሶፍትዌር መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑንና አለመሆኑን ለይቶ ያውቅ ነበር። ጎማው እየዞረ መሪው ሳይዞር ሲቀር፣ ፍጥነቱም ምርመራው እንደሚያዘው ከፍና ዝቅ ሲል፣ «አሁን እየተፈተንኩ ነው» ይልና የጭስ ማጣሪያውን በሙሉ ኀይሉ ያሠራዋል። ወደ መንገድ ሲወጣ ደግሞ ማጣሪያውን ይለግመዋል። ይህ ትእዛዝ የተጻፈባቸው መኪናዎች በዓለም ሁሉ 11 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን ኩባንያው ራሱ አመነ። በአሜሪካ ፍርድ ቤትም በ2009 ዓ.ም. ጥፋተኛነቱን ተቀብሎ ለመንግሥት 4.3 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። እኛ ተማሪዎች ይህን ባነበብን ጊዜ መምህሩ በመስኮት ሲመጡ ሲያይ ብቻ ደብተሩን የሚገልጥ ተማሪ ትዝ አለን። ልዩነቱ የዚያ ተማሪ ጉዳት በራሱ ላይ መቅረቱ ነው፤ የመኪናውን ጭስ ግን የሚተነፍሰው መንገደኛው ሁሉ ነው።

ስልክ ሠሪዎችም ከዚህ ነገር ንጹሕ አልነበሩም። በ2005 ዓ.ም. የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 4 ስልክ የፍጥነት መመዘኛ ፕሮግራም ሲከፈትበት ለይቶ እያወቀ፣ በዚያን ጊዜ ብቻ የሥዕል ማቀናበሪያውን ወደ 532 ሜጋኸርትዝ ከፍ እንደሚያደርገው ተደረሰበት፤ በሌሎች ጨዋታዎች ላይ ግን ከ480 አያልፍም ነበር። ሚትሱቢሺ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የ625,000 ትንንሽ መኪናዎቹን የነዳጅ ፍጆታ አሳንሶ ማስታወቁን አመነ። ከእነዚህም ብዙዎቹን የሠራው በኒሳን ስም እንዲሸጡ ነበር፤ ቁጥሩ እንደማይገጥም የደረሰበትም ኒሳን ነው። ዳይሃትሱ የተባለው የቶዮታ እኅት ኩባንያም በ2016 ዓ.ም. በ64 ዓይነት መኪናዎች ላይ የደኅንነት ፈተናውን እንዳጭበረበረ ታወቀ። የመረመሩት ሰዎች ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁ፣ ከአለቆች የሚመጣው የጊዜ ጥድፊያ እጅግ የከበደ በመሆኑ ሠራተኛው «ፈተናውን ወደቀ» ብሎ ለመናገር የማይደፍርበት ቦታ ሆኖ አገኙት። ይህን ምክንያት ልብ እንድትሉልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

እስካሁን የነገርናችሁ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ይመስል ይሆናል። አሁን ግን ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ፤ በዚህም ስፍራ ቃላችን ከኀዘን ጋራ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ በቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አውሮፕላኑ ከተገዛ ገና ጥቂት ወራት የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከዚያም አምስት ወር ሳይሞላ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዢያ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

በሁለቱም አውሮፕላኖች ውስጥ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበረ። ሥራው አውሮፕላኑ አፍንጫውን አለልክ ቀና ያደረገ ሲመስለው ያለ ፓይለቱ ትእዛዝ ወደ ታች መድፋት ነው። ይህንንም የሚያደርገው ከአንድ መለኪያ ብቻ በሚመጣ ቃል ነበር። መለኪያው ሐሰት ከተናገረ ሶፍትዌሩ ሐሰቱን አምኖ ደጋግሞ ይደፋዋል። አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። መጀመሪያ ለአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በቀረበው የደኅንነት ጽሑፍ፣ ይህ ሶፍትዌር የጅራቱን አግድም ክንፍ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው 0.6 ዲግሪ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ በሙከራ በረራ ጊዜ ቁጥሩ ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ተደረገ፤ ይህም ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ለውጡ ግን ሊያውቁት ይገባ ለነበሩት መርማሪዎች ሁሉ በሚገባ አልተነገረም። ኢንዶኔዢያ ላይ አደጋው እስኪደርስም ድረስ የሶፍትዌሩ ነገር በፓይለቶች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጠም ነበር።

ካርዳችን ያለውን አብዝቶ ነገረን፤ እዚህ ግን የተደረገው ዝምታ ነው። ዝም የተባለ ቁጥርም ሐሰተኛ ቁጥር ነው። ቦይንግ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ሁለት የቴክኒክ ፓይለቶቹ ስለዚህ ሶፍትዌር መርማሪዎቹን እንዳሳሳቱ አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። አደጋውን የመረመረው የአገራችን ቢሮ በ2015 ዓ.ም. የመጨረሻውን መግለጫ ባወጣ ጊዜ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በሶፍትዌሩ ጥፋት ላይ ተስማምተው፣ ነገር ግን የበረራ ሠራተኞቹም ሥራ ጨምሮ ሊታይ ይገባ ነበር ሲሉ አስተያየታቸውን ጽፈዋል። ይህንንም የምንናገረው ከእኛ ወገን ያለውን ብቻ ነግረን የቀረውን ብንሸሽግ እኛም ጣሳ ደቋሾች እንዳንሆን ነው።

ከዚህ ኀዘን መካከል ግን ለእኛ ለወጣቶች ሊረሳን የማይገባ አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚያው ዕለት ጀምሮ የዚህን ዓይነት አውሮፕላኖቹን አቆመ። ቻይናም በማግሥቱ አቆመች፤ አሜሪካ ያቆመችው ግን መጋቢት 4 ቀን ነው። የአውሮፕላኑን የበረራ መዝገብ የያዙትን ሣጥኖችም የአገራችን መርማሪዎች አውሮፕላኑ ወደ ተሠራበት አገር በመላክ ፈንታ ወደ ፈረንሳይ ላኩ። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? የሻጩን ጣሳ የሻጩ ጎረቤት እንዳይገለብጠው፣ ሌላ ሰው ይገልብጠው ማለት ነው። አየር መንገዱ አውሮፕላኖቹን መልሶ ማብረር የጀመረው ሶፍትዌሩ ተሻሽሎ በልዩ ልዩ አገሮች ከተመረመረ በኋላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ድኻ አገር ነን ብሎ የሰጡትን ቁጥር ሁሉ አሜን ብሎ መቀበል ግዴታ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ከሚሴ መንገድ እንምጣ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ ሲያልፍ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ እየቀረ ነው። ነዳጅ በውጭ ገንዘብ ለምትገዛ፣ ኤሌክትሪክን ግን ከገዛ ወንዞቿ ለምታገኝ አገር ይህ መልካም ተስፋ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንድ ጊዜ ተሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። የሚሰጠው መልስ ደግሞ በሦስት ዓይነት ጣሳ የተሰፈረ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራውን አንድ መኪና እንውሰድ። በቻይና ዩዋን ፕላስ፣ በሌላው አገር አቶ 3 ይባላል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በቻይና የመመዘኛ ሥርዐት 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተጽፎለታል። በአውሮፓውያን አሮጌ ሥርዐት 480፣ በአዲሱ ሥርዐታቸው ደግሞ 420 ኪሎ ሜትር ነው። ከሦስቱ ማንኛውም ውሸት አይደለም። እያንዳንዱ ሥርዐት የራሱ የሆነ ፍጥነትና አነዳድ ስላለው ነው። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ሰውን ሊያስት የሚችለው፣ በምን ጣሳ እንደ ተሰፈረ ሳይነገር ሲቀር ነው። ከቻይና በቀጥታ የመጣ መኪና የቻይናውን ቁጥር ይዞ ይመጣልና።

ከሚሴ እስከ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 510 ያለው ሰው ተዝናንቶ ይነሣል። ነገር ግን በቻይናም ሆነ በአውሮፓ መመዘኛ ውስጥ ጣርማ በር የለበትም! በፊዚክስ ትምህርታችን የተማርነውን ይዘን እናስላው። ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና በኩል እስከ ጣርማ በር ዋሻ መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ልዩነቱን 1,700 ሜትር እንበለው። መኪናው ከነተሳፋሪዎቹ 2,000 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 2,000 በ9.8 በ1,700 ሲባዛ 33 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሆናል፤ ይህም ከ9 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ከባትሪው ከመቶ 15 እጅ ማለት ነው። በሜዳ ቢሆን ይህ ኀይል በ420ው ስሌት 65 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬድ ነበር። እርግጥ ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ከዚህ ከፊሉን መልሶ ያገኛል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ግን አዲስ አበባ ራሷ ከእኛ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሙሉውን አይመልስም። እንግዲህ 510ን አምኖ የተነሣ ሰው የጣርማ በርን ዳገት ሲጨርስ የባትሪውን ቁጥር አይቶ ቢደነግጥ፣ የበደለው መኪናው ብቻ አይደለም፤ ለማን መንገድ የተለካ ቁጥር ነው ብሎ አለመጠየቁም ነው።

በዚህ ጊዜ ከእናንተ መካከል «እንግዲያውስ ማንንም አንመን፤ ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በክበባችንም ክርክር ይህን አሳብ አጥብቀው የያዙ ነበሩ። እኛ ግን በመጨረሻ አልተቀበልነውም። ምክንያታችንም ይህ ነው። እነዚያ የዌስት ቨርጂኒያ ተመራማሪዎች የለኩት ሦስት መኪናዎችን ነበር። ሁለቱ ፎልክስዋገን ሲሆኑ ሦስተኛው ቢኤምደብልዩ ነበር፤ ይህም ሦስተኛው በአብዛኛው መንገድ በሕጉ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሁሉ ይዋሻል ብሎ የሚደመድም ሰው ታማኙን ከአታላዩ ጋር አንድ ላይ ይደፈጥጠዋል። ታማኙም «እውነት መናገሬ ካልጠቀመኝ ለምን እደክማለሁ?» ይላል። ሁሉን ማመንና ማንንም አለማመን ሁለቱም የስንፍና ወንድማማች ናቸው፤ ከመለካት ድካም ያሳርፋሉና። ጣሳውን የምትገለብጥ እናት ግን ገበያውን አልተወችም፤ ደኅናውን ጣሳ ካየች በኋላ እህሏን ገዝታ ትገባለች።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲነገረን አራት ጥያቄ እንድንጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ የለካው ማን ነው? የሚሸጠው ነው ወይስ ሌላ? ሁለተኛ፣ የተለካው ነገር እየተለካ መሆኑን ያውቅ ነበርን? ሦስተኛ፣ የተለካው በማን መንገድና በምን ሁኔታ ነው? አራተኛ፣ ያልተነገረን ቁጥር አለን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዞ የሚሄድ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቢታለልም፣ ሁልጊዜ አይታለልም።

አሁን፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ለመናገር የከበደንን ነገር እንናገራለን። ሌላውን ስንገመግም ቆይተናልና ራሳችንን ሳንገመግም ብንወርድ አግባብ አይደለም።

እኛ ተማሪዎችም የምንለካ ነን። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ለ12ኛ ክፍል የተዘጋጀው ብሔራዊ ፈተና በአገሪቱ ሁሉ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተፈተኑ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ሆኑ። በየትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ 80 እና 90 ተጽፎላቸው የመጡ ስንቶች ነበሩ? ያ ካርድ በመመርመሪያው ክፍል ውስጥ ንጹሕ እንደ ሆነው መኪና ነበር። ወደ መንገድ በወጣ ጊዜ ግን ሌላ ሆነ። ይህን የምንለው ማንንም መምህር ወይም ተማሪ ለማሳፈር አይደለም። በዳይሃትሱ ፋብሪካ የነበረው ጥድፊያና ፍርሃት በእኛም መካከል ስላለ ነው። አባት ለልጁ፣ ትምህርት ቤት ለወረዳው፣ ወረዳው ለበላዩ «ወደቀ» ብሎ መናገር ሲያፍር፣ ቁጥሩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እያበጠ ይሄዳል። በመጨረሻም የሚጎዳው ያ ቁጥር የተጻፈለት ልጅ ነው።

በዚህ መጽሐፍም ውስጥ ስለ ትምህርት ቤታችን የተጻፉ ብዙ ቁጥሮች አሉ፤ ስንት ተማሪዎች እንደ ተመረቁ፣ ስንቱ እንዳለፉ፣ ስንት መጻሕፍት እንዳሉን። በዓል ነውና ቁጥሮቹ ያማሩ መሆናቸው ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን የለካናቸው እኛው ነን። ስለዚህ ከመታተማቸው በፊት ከትምህርት ቤታችን ውጭ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ከወላጆች መካከል የተመረጠ፣ ከመዝገብ ጋር እያስተያየ እንዲመለከታቸው ርእሰ መምህራችንን በትሕትና ለምነን ነበር። እርሳቸውም ፈቅደዋል። ስለዚህ ፈቃዳቸው ከዚህ መድረክ ላይ በይፋ እናመሰግናቸዋለን፤ ጣሳውን ራሱ ገልብጦ ማሳየት የታማኝ ነጋዴ ሥራ ነው ብለናልና።

ክበባችን ደግሞ ከአሁን ጀምሮ ሁለት ትንንሽ ሥራዎችን ለመሥራት ወስኗል። የመጀመሪያው፣ ማንም ሰው አዲስ የገዛውን ሚሞሪ ካርድ ሥዕሉን ሳያኖርበት በፊት ወደ እኛ ቢያመጣው፣ እስከ አፉ ሞልተን መልሰን በማንበብ ያለ ዋጋ እንመረምርለታለን። ሁለተኛው፣ በመናኸሪያው ፈቃደኛ ከሆኑ ሾፌሮች ጋር አንድ የልክ መዝገብ እንከፍታለን። አሠራሩ ቀላል ነው። ታንኩ እስከ አፉ ይሞላና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር ይጻፋል። መኪናው ሥራውን ሠርቶ ሲመለስ ዳግመኛ እስከ አፉ ይሞላና የገባው ሊትር ይጻፋል። የተሄደው ኪሎ ሜትር በሊትሩ ሲካፈል በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጭነት፣ በዚህ ሙቀት አንድ ሊትር ስንት እንደሚያስኬድ ይታወቃል። ለኤሌክትሪክ መኪናም በሊትሩ ፈንታ ኪሎዋት ሰዓቱን መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ብዙ አያስተምርም፤ ደጋግሞ ከተለካ ግን የቦርከናን ሜዳና የጣርማ በርን ዳገት የሚያውቅ ቁጥር ይኖረናል። መዝገቡም ለሚፈልግ ሁሉ የተከፈተ ይሆናል።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው አንልም። ፎልክስዋገንን ያጋለጡት ሰዎችም መጀመሪያ ያደረጉት መለኪያቸውን መኪናው ላይ ጭነው ወደ መንገድ መውጣት ብቻ ነበር። የአገራችንም መርማሪዎች በዚያ የኀዘን ሳምንት ያደረጉት ሁለት ሣጥን ትክክለኛው ሰው ዘንድ እንዲከፈት መላክ ነበር።

በመጨረሻም ስለ ቀድሞው ዘበኛችን አንድ ቃል ተናግረን እንፈጽማለን። ሥዕላቸው በመጽሐፉ ውስጥ ሊታተም በተዘጋጀበት ገጽ ላይ ባዶ ቦታ እንዲተው አዘጋጆቹን ጠይቀን ፈቅደውልናል። ከሥሩም ስማቸውና ያገለገሉበት ዘመን ብቻ ይጻፋል። የዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይህን መጽሐፍ የሚገልጡ ተማሪዎች «ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ያልተገለበጠ ጣሳ ያጎደለው ነው ብላችሁ ንገሩልን።